ኬዚያ የቆረጠችው ገመድ

ስሟ ኬዚያ ነው። ዕድሜዋ አሥራ አንድ። ቤቷ በማሳቹሴትስ ባሕር ጠረፍ፣ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ፣ እንግሊዞች መጥተው ከሰፈሩ ገና አሥራ አራት ዓመት ባልሞላው መንደር ውስጥ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አንድ ትልቅ ምድጃ አለው፤ ከላይ ደግሞ ልጆች የሚተኙበት ቆጥ። እዚያች ክፍል ውስጥ አባቷ ጆናስ፣ እናቷ ዶርካስ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድሟ ኢኖስ፣ ጥርስ እያወጣ ቀኑን ሙሉ የሚነፋረቀው ሕፃኑ ቶቢ እና ታውዘር የሚባል ትልቅ ቡናማ ውሻ ይኖራሉ።

አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ጓደኛህን መጎንተል ተውና ስማ። ይህ ታሪክ የቁጣ ታሪክ ነው። በውስጡ ያለ ሰው ሁሉ ይቆጣል። እኔም ስናገረው እቆጣለሁ። ከወዲሁ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እናንተ አንድ ባልዲ ውኃ አምጡ ስትባሉ ፊታችሁ የሚጠቁር ልጆች፣ እስቲ የኬዚያን ቀን ስሙት። ጎህ ሲቀድ ትነሣለች። አመድ ውስጥ የተዳፈነውን ፍም ገልጣ እሳት ታያይዛለች። ከምንጩ ውኃ ትቀዳለች፣ ያውም ሁለት ባልዲ። ላሟን ታልባለች። ለአሳማዎቹ እጣቢ ትደፋለች። የበቆሎ ገንፎ ታማስላለች፣ ቁርሷንም ቆማ ትበላለች፤ በዚያ ዘመን ወንበር የትልቅ ሰው ነው፣ ልጅ የሚበላው ቆሞ ነው። ከዚያ ሱፍ ታበጥራለች። ከዚያ ቶቢን ታቅፋለች። ከዚያ ከማሳው ቁራ ታባርራለች። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ገና ምሳ አልደረሰም!

ከሥራዋ ሁሉ ግን አንዱ የተለየ ነበር። በፀደይ፣ የባሉጥ ዛፍ ቅጠል የአይጥ ጆሮ ሲያህል፣ መንደሩ በሙሉ በቆሎ ይተክላል። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ብቻውን ምንም አያበቅልም። ስለዚህ ትንንሽ የአፈር ጉብታ ይሠራሉ፣ በየጉብታው ውስጥ ሁለት ሁለት ዓሣ ይቀብራሉ፣ ከላዩ አራት ፍሬ በቆሎ ይጥላሉ። ይህንን ያስተማሯቸው የመሬቱ ባለቤቶች የነበሩት የአገሬው ሰዎች ናቸው። ባያስተምሯቸው ኖሮ ያ መንደር በመጀመሪያው የበረዶ ወራት በረሃብ ያልቅ ነበር።

የተቀበረ ዓሣ ይሸታል። ሽታው ደግሞ ውሻን ያሳብዳል። ውሻ ማሳ ከገባ ዓሣውንም ዘሩንም አብሮ ነው የሚቆፍረው። ስለዚህ የመንደሩ ሽማግሌዎች ሕግ አወጡ። ከተከላ ጀምሮ አርባ ቀን የማንኛውም ሰው ውሻ አንድ የፊት እግሩ ከአንገቱ ጋር ይታሰር ተባለ። በሦስት እግሩ ቆሞ የሚቆፍር ውሻ የለማ! አትሳቁ። እኔ ያደግሁት እዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ በዚያ ሰሞን የመንደሩ ውሻ ሁሉ እያነከሰ ነው የሚውለው።

የታውዘርን እግር ማሰር የኬዚያ ሥራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቋጠሮውን ታያለች። ከላላ ታጠብቀዋለች፤ ቆዳውን ከላጠው ስብ ትቀባዋለች። ታውዘር እጇን ይልሳታል። በዚህ ሥራ ተማርራ አታውቅም።

አሁን ወደ ቁጣው እንግባ። ዓሣው በየፀደዩ ከባሕር ወደ ወንዙ ሽቅብ የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው። ያን ቀን መንደርተኛው ነቅሎ ወንዝ ይወርዳል። ልጆች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በቅርጫት ዓሣ ይዝቃሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይረጫጫሉ። በዓመት ውስጥ ሥራና ጨዋታ አንድ ላይ የሚገኝበት ቀን ይኸው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዙር ኬዚያ ቤት ቀረች። እናቷ፣ "ለሁለተኛው ትሄጃለሽ" ብላ ቃል ገባችላት። ኬዚያ ዘጠኝ ቀን በጣቷ ቆጠረች።

በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከወንዙ በኩል ጥሩንባ ተነፋ። ኬዚያ ቅርጫቷን ይዛ በር ላይ ቆመች።

"አስቀምጪው" አለቻት እናቷ። "ቶቢን አተኩሶታል። አንቺ ትቀሪያለሽ።"

"እማዬ! ቃል ገብተሽልኝ የለም እንዴ?"

"ገብቻለሁ። ትኩሳቱን ግን እኔ አላመጣሁትም። እኔ ከቀረሁ ድርሻችንን ማን ይሸከማል? አንቺ?"

"ኢኖስ ይቅር! እሱ ባለፈው ሄዷል!"

ኢኖስ መቼም አፉ አያርፍም። "አይዞሽ፣ የዓሣ ጭራ አመጣልሻለሁ። ጸጉርሽ ላይ ትሰኪዋለሽ" አላትና እየሳቀ ወጣ።

ኬዚያ ያን ቀን ባልዲ አላስቀመጠችም፣ ወረወረች። ሱፉን አላበጠረችም፣ ነጨችው። ቶቢ ሲያለቅስ እሷም አብራው ጮኸች። ከወንዙ በኩል የልጆች ሳቅ ሲሰማት ጥርሷን ነከሰች። ምሳ ሰዓት ላይ ኢኖስ አንድ ጋሪ ዓሣ ይዞ መጣ። ልብሱ እስከ ደረቱ ርሷል፣ ፊቱ በደስታ ቀልቷል። ዓሣውን ገለበጠ፣ ዳቦውን ጎረሰ፣ ታውዘርን ጆሮውን አሻሸው፣ "ምነው፣ አኮረፍሽ እንዴ?" አለና እየሮጠ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ቶቢ አንቀላፋ። ታውዘር በሦስት እግሩ እያነከሰ መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ። ወደ ማሳው በኩል አፍንጫውን አንስቶ አለቀሰ።

"አንተንም አሰሩህ፣ አይደል?" አለችው። "ምን አጠፋህ? እኔስ ምን አጠፋሁ? እነሱ ወንዝ ውስጥ ይፈነድቃሉ፣ አንተና እኔ እዚህ እንበሰብሳለን!"

ቢላዋውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ገመዱን አንዴ ገዘገዘችው፣ ሁለቴ ገዘገዘችው፣ ተበጠሰ።

"ሂድ! አንዳችን እንኳ እንሂድ!"

ታውዘር በአራት እግሩ ፈተለከ። የት እንደሚሄድ አታውቅም ነበር እንዳትሉኝ። ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁራ ስታባርር ያደገች ልጅ ናት፣ አሳምራ ታውቃለች። የተቆጣ ሰው የሚያውቀውን እንዳላወቀ ይሆናል። ይኼ ነው እኔን የሚያናድደኝ!

ጀምበር ሳትዘቀዝቅ ታውዘር ተመለሰ። ሆዱ ተነፍቷል። አፍንጫው ጭቃና የዓሣ ቅርፊት ነው። ምድጃው ፊት ቆመና የበላውን በሙሉ አስመለሰው። ያን ጊዜ ኬዚያ ደነገጠች። ጠረገች። አፉን አጠበችው። የተቆረጠውን ገመድ እሳት ውስጥ ጨመረችና በአዲስ ገመድ እግሩን አሰረችው። ወላጆቿ ሲመጡ ሱፍ እያበጠረች ነበር። "ጎበዝ" አላት አባቷ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ በሩ በእርግጫ ተከፈተ።

የገቡት እማማ ሳቭሪ ናቸው። እማማ ሳቭሪ ከማሳው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አጭር ናቸው፣ ዳሌያቸው ታሟል፣ ድምፃቸው ግን አልታመመም። ግማሹ የተበላ፣ አፈር የለበሰ፣ የሚገማ ዓሣ ከገንፎው ሳህን አጠገብ ጧ አድርገው ጣሉት።

"እንካ ጆናስ! ይሄንንም ውሻህ ይጨርሰው!"

አባቷ ከወንበሩ ተነሣ። "እማማ ሳቭሪ፣ ምን ሆኑ? ይረጋጉ እንጂ።"

"አልረጋጋም! ዘጠና ጉብታ ነበረኝ! በዚህ በታመመ ዳሌዬ፣ በጉልበቴ እየዳህኩ የተከልኩት ዘጠና ጉብታ! ውሻህ ሰባውን ገልብጦታል! ዓሣውን በላው፣ ዘሩን ለቁራ በተነው!"

"የእኔ ውሻ ታስሯል። ይኸውልዎት።"

"ዛሬ ታስሯል! ትናንት ግን በአራት እግሩ ነው የሄደው። ዱካውን አፈሩ ላይ ቆጥሬዋለሁ። ያን የሚያክል መዳፍ ያለው ሌላ ውሻ በዚህ መንደር ካለ አምጣልኝ! ደግሞ ይሄን ገመድ እየው። አዲስ ነው። አሮጌው የት ሄደ?"

አባቷ ገመዱን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጆናስ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሲቆጣ ጆሮው ይደፈናል። ወደ ልጆቹ ዞረ።

"ኬዚያ። ትናንት ጠዋት አሰርሽው ወይስ አላሰርሽውም?"

"አስሬዋለሁ አባባ።" ይኼ እውነት ነው።

"ታዲያ ማን ፈታው?"

ልጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። "እኔ" ማለት። አባቷ ይቆጣት ነበር፣ ይገርፋት ነበር፣ ያልቅ ነበር። ኬዚያ ግን ቀና ስትል ኢኖስን አየችው። ኢኖስ ገንፎውን እያላመጠ ነው። ያ የወንዙ ሳቁ ትዝ አላት። 

"ኢኖስ... ምሳ ሰዓት ሲመጣ ከታውዘር ጋር ሲጫወት ነበር" አለች።

"ፈታው?"

"አዎ።"

"ምን?" ኢኖስ ማንኪያውን ጣለ። "እኔ? እኔ ነኝ የፈታሁት? አንቺ ውሸታም!"

"እህትህን ውሸታም አትበል!" ጆናስ ጠረጴዛውን መታው።

"ከዋሸች ምን ልበላት? ጆሮውን ነው ያሻሸሁት! ገመዱን አልነካሁም!"

"ጥፋት ላይ ውሸት ትጨምራለህ? በል ስማ። የእማማ ሳቭሪን ሰባ ጉብታ አንተ በገዛ እጅህ ትተክላለህ። ዓሣውን አንተ ታጠምዳለህ፣ ዘሩን ከእኛ ቤት ትወስዳለህ።"

"አልተክልም!"

"ምን አልክ?"

"ይግደሉኝ አባባ፣ አልተክልም! ከተከልኩ አጥፍቻለሁ ማለት ነው። አላጠፋሁም!"

"እስክትተክል ድረስ በዚህ ቤት እራት አትበላም! ሌላ ሰውም አይተክልልህም። ያጠፋው ነው የሚተክለው፣ አበቃ!"

እናቷ ዶርካስ ቶቢን እንዳቀፈች፣ "ኧረ ጆናስ፣ ዓሣው እኮ እያለቀ ነው። የፊታችን ሰኞ አንድም አይገኝም" አለች። እሱ ግን አልሰማትም።

እማማ ሳቭሪ ግራ ቀኝ አዩ። "እናንተ ተጨቃጨቁ" አሉ። "ሰባ ጉብታ በዚህ ሳምንት ካልተተከለ አይበቅልም። ካልበቀለ በበረዶው ወራት የምበላው የለኝም። እኔ የማውቀው ይሄንን ነው።" በሩን ክፍት እንደተዉ እያነከሱ ሄዱ።

ረቡዕ ኢኖስ አልተከለም። እራትም አልበላም። ሐሙስም እንደዚያው። አባቱ አላየውም፣ እሱም አባቱን አላየውም። ገበታው ዙሪያ ሰው ሁሉ አኩርፎ ያላምጣል። ከወንዙ የሚመጡት ጋሪዎችም ግማሽ ብቻ መሙላት ጀመሩ።

ኬዚያስ? አዝና ነበር ብላችሁ ነው? መጀመሪያ አላዘነችም። የባሰውን ተቆጣች! በኢኖስ ተቆጣች። "ዝም ብሎ ቢተክለው ምን አለበት? ግትር!" ትላለች በልቧ። የበደለ ሰው እንዲህ ነው፤ የበደለውን ሰው አይኑን ማየት ስለማይችል ይቆጣበታል። ሐሙስ ከሰዓት ኢኖስ እንጨት ሲፈልጥ ወደሱ ሄደች።

"ለምን አትተክለውም? እማማ ሳቭሪ ይራባሉ እኮ።"

ኢኖስ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካውና አያት። እራት ሳይበላ ያደረ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? አያሳውቃችሁ። "ለምንድነው እንደዚያ ያልሽው?" አላት ቀስ ብሎ። "ይህን ብቻ ንገሪኝ። ምን አድርጌሽ ነው?"

"ሳቅህብኛ! ወንዝ ስትሄድ ሳቅህብኝ!"

"ለዚህ ነው?"

 ኢኖስ መጥረቢያውን ነቅሎ ፊቱን አዞረ። "ዳግመኛ እንዳታናግሪኝ" አላት።

አርብ ጠዋት ቁራ እንድታባርር ወደ ማሳው ተላከች። ከድንጋዩ ካብ ማዶ የእማማ ሳቭሪ ማሳ ነው። ሰባው ጉብታ ተገልብጦ፣ ተዝረክርኮ ይታያል። እማማ ሳቭሪ መሬት ላይ ተንበርክከው በእጃቸው አፈር ይዝቃሉ። አንድ ጉብታ ይሠሩና ዳሌያቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ከዚያ በእንብርክካቸው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አጠገባቸው ያለው ቅርጫት ውስጥ ሰባት ዓሣ ብቻ አለ።

"ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?" ብለው ጮኹባት። "ቁራሽን አባሪ!"

"እማማ፣ ሰው አይረዳዎትም?"

"ማን ይርዳኝ? በዚህ ሰሞን ሁሉም ለየራሱ ነው። አባትሽ ኢኖስ ይትከል ብሎ ቆረጠ፣ ኢኖስ ደግሞ ድንጋይ ሆነ። ዓሣውም አለቀ። ዛሬ ንጋት ላይ ወርጄ ያገኘሁት ይቺን ነው።" እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቢሆንም አንቺ ባትኖሪ እውነቱን የሚነግረኝ አልነበረም። በወንድምሽ ላይ እውነት መናገር ቀላል አይደለም። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።"

ኬዚያ ወደ ድንጋዩ ካብ ተጠጋች። ዱላ ብታገኝ ይሻላት ነበር። ሙሉ ሳምንት ስድብ ብትጠጣ ይሻላት ነበር። "እግዜር ይስጥሽ" ግን አልቻለችውም።

"እንደሱ አይበሉኝ!" ብላ ጮኸች።

"ምን ሆንሽ?"

"እግዜር ይስጥሽ አይበሉኝ! እኔ ነኝ! ገመዱን እኔ ነኝ በቢላዋ የቆረጥኩት! ኢኖስ አልነካውም! ወንዝ ስላልሄድኩ ተናድጄ ነው የቆረጥኩት!"

እማማ ሳቭሪ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ፊታቸው ቀላ። ከቅርጫቱ አንድ ዓሣ አንስተው ወረወሩባት። ደረቷ ላይ ጧ ብሎ አርፎ ወደቀ።

"አንቺ! አንቺ ባለጌ! በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ዓሣ ወንዙ ውስጥ እንደነበር ታውቂያለሽ? ወንድምሽ ሁለት ሌሊት ጦሙን አደረ! እኔ እዚህ እንደ ትል ስሳብ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ..."

"ይቅርታሽን ጉብታ ውስጥ ልቅበረው? ያበቅላል? ያን ዓሣ አንሺውና አምጪ! አንሺው እላለሁ፣ እሱም ያስፈልገኛል!"

ኬዚያ እያለቀሰች ዓሣውን አንስታ ሰጠቻቸው።

"አሁን ሂጂ። ለአባትሽ ንገሪ። ኢኖስ እየሰማ ንገሪ። ከዚያ ቅርጫት ይዘሽ ነይ።"

መንገዱ አጭር ነበር። ለኬዚያ ግን ረዘመባት። አራት ጊዜ ቆመች። "ነገ ብነግርስ?" አለች። ነገን የምታውቁ ልጆች አላችሁ፣ አይደል? አውቃችኋለሁ። እሷ ግን ቆም እያለች ሄደች እንጂ አልተመለሰችም። አባቷና ኢኖስ በማሳው ሁለት ጫፍ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይኮተኩታሉ።

"አባባ" አለች። "ኢኖስ ገመዱን አልፈታም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ዋሽቼዎታለሁ።"

ኢኖስ መኮትኮቻውን ለቀቀው። አባቷ ወደ እሷ መጣ። ኬዚያ ዱላውን ጠበቀች። እሱ ግን አልመታትም። አልፏት ሄዶ ልጁ ፊት ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። በዚያ አገር አባት ለልጁ ባርኔጣ አያወልቅም። ለዳኛ ነው የሚወለቀው።

"ኢኖስ፣ በድዬሃለሁ" አለው። "አልሰማሁህም።"

ኢኖስ ወደ ኋላ ሸሸ። "ሦስት ቀን!" ብሎ ጮኸ። "ሦስት ቀን ሙሉ አላጠፋሁም አልኩዎት!" እያለቀሰ ወደ ቤት ሮጠ። እናቱ ገንፎ አቀረበችለት። በቁጣ በላው፣ ግን በላው።

ጆናስ ወደ ኬዚያ ዞረ። ድምፁ ደረቅ ነበር። "ነገ ቅዳሜ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ከበሮው ከተመታ በኋላ በዚህ መንደር አፈር የሚነካ የለም። ሰኞ ደግሞ ዓሣ የለም። እስከዚያ ትከዪ።"

"ብቻዬን አባባ?"

"ያጠፋው ይተክላል አላልኩም?"

በዚያው ቀን እስኪመሽ አምስት ጉብታ ተከለች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወንዝ ውስጥ ነበረች። ውኃው አጥንት ውስጥ የሚገባ ቅዝቃዜ አለው። ማንም አይስቅም፣ ማንም አይረጫጭም፤ ወንዙ ዳር ሰው የለም። ዓሣው ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆነ ያልፋል። ቅርጫቷን ስትጥል ያመልጣታል። ስምንት ስታገኝ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች፣ ትተክላለች፣ ተመልሳ ትወርዳለች። እማማ ሳቭሪ ጉብታ ይሠራሉ፣ እሷ ዓሣ ትቀብራለች። አያናግሯትም። "ጥልቅ አድርጊው!" "ዘሩን አትቆጥቢ!" ከማለት በቀር ምንም አይሏትም። ከእኩለ ቀን በኋላ ገና ሃያ አራት ነበር የሞላው። ኬዚያ እግሯ ደንዝዞ ወንዝ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። አይደርስም።

"ዓሣ ላይ ቅርጫት ይጣላል እንዴ! ደደብ!"

ቀና ስትል ኢኖስ ነው። ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሏል፣ መረብ ትከሻው ላይ አለ። ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው።

"ሽቅብ ነው የሚሸሹት" አላት። "እኔ ከላይ በመረብ እዘጋለሁ። አንቺ ከታች ቆመሽ ቅርጫቱን ያዢ። አፉን ወደኔ አዙሪው። ወደኔ አልኩሽ!"

"ኢኖስ... ይቅር አልከኝ?"

"አላልኩሽም! የእማማ ሳቭሪ በቆሎ ምን አጠፋ?"

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። እሱ ዘጋ፣ እሷ ያዘች። ቅርጫቱ ሞላ። ዳገቱን ግራና ቀኝ ይዘው ወጡት፣ ወረዱት፣ ወጡት። እማማ ሳቭሪ ኢኖስን ሲያዩ፣ "አንተ ልጅ፣ ክፉ ተናግሬብህ ነበር። አይገባኝም ነበር" አሉትና ወደ ጉብታቸው ጎንበስ አሉ። ዓሣው እንደማይበቃ ሲያዩ ደግሞ፣ "ከእንግዲህ በየጉብታው አንድ አንድ አድርጉ" አሉ። ጥላው ረዘመ። አርባ ሞላ። ሃምሳ ሞላ። ስድሳ ሞላ። ኬዚያ ጥፍሯ ውስጥ ደም አለ፤ አላቆመችም።

ዱም! ዱም! ዱም! ከጸሎት ቤቱ ከበሮው ተመታ።

ኬዚያ እጇ ላይ ዓሣ ነበረ። ጉብታው ተቆፍሯል። "ይቺን ብቻ እማማ! ይቺን አንዷን!"

"ሰንበት ገብቷል። ተነሺ።"

"ዘጠኝ ቀርቷል እኮ!"

"ዘጠኝ ቀርቷል" አሉ እማማ ሳቭሪ። "ረቡዕ ዕለት 'እኔ ነኝ' ብትዪ ኖሮ አንድም አይቀርም ነበር። ተነሺና ቤትሽ ግቢ።"

አያችሁ? እማማ ሳቭሪ ማባበል አያውቁም። እኔም አላባብላችሁም። ሰኞ ወንዙ ባዶ ነበር። ዘጠኙ ጉብታ ላይ በባዶው ዘር ጣሉበት፤ ቢጫ ሆኖ በቀለ፣ ፍሬ እንኳ ሳይይዝ ደረቀ። የቀረው ግን አድጎ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። እማማ ሳቭሪ በመኸር ሰብስበው ሰቀሉት፣ በበረዶው ወራት እየፈጩ በሉት። ፀደይ ሊገባ ሲል፣ በመጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ በቆሏቸው አለቀ። የዘጠኝ ጉብታ ያህል ጎደለ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ኬዚያ የገንፎ ሳህኗን አንስታ በጨርቅ ሸፈነችው። ማንም አላዘዛትም። በረዶውን እየረገጠች ማሳውን ተሻግራ ለእማማ ሳቭሪ ሰጠቻቸው። በማግስቱም ወሰደች። በሦስተኛውም ቀን። ለራሷ ትንሽ ወተት ጠጥታ ሥራዋን ትጀምራለች። እማማ ሳቭሪ በየቀኑ ሳህኑን አጥበው ይመልሱላታል። መጀመሪያ ዝም ይሉ ነበር። በሳምንቱ ግን፣ "ገብተሽ እግርሽን አሙቂ" አሏት።

ኢኖስ ያን ሁሉ ወራት ያናግራት የነበረው ለሥራ ብቻ ነው። "ባልዲውን አቀብዪኝ"፣ "በሩን ዝጊ"፣ ሌላ የለም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ኬዚያ ሳህኗን ልትሸፍን ስትል አጠገቧ ቆሞ ነበር። ሳህኑን ከእጇ ነጠቃት። የራሱን ገንፎ ግማሽ በማንኪያ ገፍቶ እላዩ ላይ ገለበጠው። ግማሹን ደግሞ ወደሷ ገፋው።

"ያንን ለእሳቸው ውሰጂ። ይሄንን አንቺ ብዪ" አላት።

"አንተስ?"

"እኔ ያኔ ሁለት ሌሊት ተለማምጃለሁ" አላት። አልሳቀም። ድምፁ ውስጥ ግን የዚያ ቁጣ አልነበረም። "ብዪ እንጂ ኬዚ፣ ይቀዘቅዛል።"

ከፀደይ ወዲህ ኬዚ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር። ኬዚያ ቆማ በላች፤ እንባዋ ገንፎው ላይ እየተንጠባጠበ በላች።

ልጆቼ፣ ተቆጥታችሁ ላጠፋችሁት ጥፋት ያን ቀን፣ ያን ሰዓት "እኔ ነኝ" በሉ፤ በሌላ ሰው ላይ ያላከካችሁት ጥፋት ምንም የማያውቅ ሰው ያስርባልና።